የዘገየው ሮኬትና የእኛ ቀጠሮ



ለመሆኑ ከእናንተ መካከል በረመዳን 29ኛው ምሽት ከመግሪብ በኋላ ደጅ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ያላንጋጠጠ ማን አለ? በእኛ በእንጅባራ ሰማዩ ደመና ያዘወትራል። ልጆቹ «አየናት! አየናት!» እያሉ ይንጫጫሉ፣ ትልልቆቹ «ዝም በሉ፣ ኮከብ ነው» ይሏቸዋል። ጨረቃዋ ካልታየችና ከሌላም ቦታ የመታየቷ ወሬ ካልመጣ ጾሙ ሠላሳ ይሞላል። የተሰፋው የዒድ ልብስ በሳጥን ውስጥ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ያድራል። እናት የሊጡን ነገር እያሰበች ወደ ማጀት ትመለሳለች። ይህን ጊዜ ማንም ሰው ጨረቃዋን አይቀየምም። ከልጅነታችን ጀምሮ «ዛሬ ወይም ነገ» መሆኑን አውቀን አድገናልና።

ይሁንና ይህንኑ ትምህርት በሌላ ጉዳይ ላይ ረስተነው ስለተገኘንበት አንድ ጉዞ በዛሬው አምዳችን እናወጋችኋለን። ነገሩ የሮኬት ነው። ሮኬትና የቤተሰብ ገጽ ምን አገናኛቸው እንዳትሉን፣ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ 1 የምትባለው ናት። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሥራዋ ከምድር በላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እየዞረች የእርሻን፣ የደንንና የውኃን ሁኔታ በፎቶግራፍ መላክ ነበር። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋና ከዚህም 6 ሚሊዮን ያህሉ ከቻይና በኩል እንደተሸፈነ በጊዜው ተነግሯል። በሥራዋ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ተሳትፈዋል። የምትመጥቀው ከቻይና ቢሆንም መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። በዚያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሥፍራ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የኅዋ ምርምር ማዕከል ይገኛል። የማምጠቁ ሥነ ሥርዓትም በቀጥታ ሥርጭት ከዚያው ሆኖ እንደሚታይ ተሰማ።

እኛም በሳምንት አምስት ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ፣ በቀሪው ደግሞ በመድረሳ ቁርኣን የምናስተምር ነንና፣ ወሬውን ለተማሪዎቻችን በሁለቱም ቦታ አደረስነው። «ሳተላይታችን ስትመጥቅ እንጦጦ ወስደን እናሳያችኋለን» አልናቸው። ከመካከላቸው አራት የ11ኛ ክፍል ልጆች ነገሩን የምር ያዙት። ሁለቱ ከእንጅባራ፣ ሁለቱ ከዳንግላ ነበሩ። ከዳንግላዎቹ አንዱ ክረምቱን በሙሉ ከእናቱ ጋር ጉልት እየተቀመጠ የመሳፈሪያውን ብር አጠራቀመ።

በመጀመሪያ የተነገረው ቀን መስከረም 2012 ነበር። መስከረም መጣ፣ አደይ አበባው ፈነዳ፣ ሳተላይቷ ግን አልመጠቀችም። ጥቅምትም ኅዳርም አለፉ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 7 ቀን ተባለ። ያ የዳንግላ ልጅ «ኡስታዝ፣ አሁንስ እርግጥ ነው?» ብሎ ጠየቀን። «እርግጥ ነው» አልነው። ይህችን ቃል ልብ በሉልን፣ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ወላጆችን አስፈቀድን። ሰኞ እንሄዳለን፣ ማክሰኞ እናያለን፣ ረቡዕ እንመለሳለን ብለን ቀኑን በጣታችን ቆጥረን ነገርናቸው። የዳንግላው ልጅ አባት ሐጂ ናቸው፣ ገበሬም ናቸው። «ሐሙስ ውቂያ አለብኝ፣ ጤፉ አውድማ ላይ ነው። ረቡዕ ማታ ልጄ ቤት ይግባልኝ» አሉን። «ይገባል ሐጂ፣ አያስቡ» አልን።

ሰኞ ሌሊት ከዳንግላ ተነሳን። እንጅባራ ላይ ሁለቱን ልጆች ጨምረን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። የጎጃም መንገድ አዲስ አበባ የሚገባው በሱሉልታ በኩል የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ በመሆኑ፣ ልጆቹ በመስኮት እያንጋጠጡ «የት ጋር ነው? የት ጋር ነው?» እያሉ ሹፌሩን አስቸገሩት። መሽቶ ስለነበር የታየን የባሕር ዛፍ ጥላ ብቻ ነበር።

አክስታችን ቤት አረፍን። አልጋውን ለእንግዳ ለቅቀው፣ ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ደርድረው ጠበቁን። እራት ቀርቦ ገና እጃችንን ሳንታጠብ የአክስታችን ልጅ «ያ ነገር ተላለፈ እኮ!» አለን። ማክሰኞ የተባለው ወደ አርብ ታኅሣሥ 10 ተዛውሯል። አራቱም ልጆች እኛን አዩን። እኛም የምንለው ጠፍቶን እንጀራውን አየን።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ወጋችንን ጥቂት ገታ አድርገን፣ ሮኬት ለምን እንደሚዘገይ ብናስረዳ ይጠቅማል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሰበብ እየፈለገ ሰው ያማልና።

ሮኬት እንደ አውቶቡስ ሞልቶ የሚነሳ አይደለም። መጀመሪያ ሰዓት አለው። የምድርን ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሳተላይት በላዩ ባለፈ ቁጥር አንድን ቦታ በተመሳሳይ የፀሐይ ብርሃን እንዲያይ ስለሚፈለግ፣ ምሕዋሩ ከፀሐይ ጋር የተስተካከለ መሆን አለበት። ይህ ደግሞ የሚሳካው ከምድር በተወሰነች ሰዓት ሲነሳ ነው። ሰዓቷ ካለፈች በማግስቱ ያችኑ ሰዓት መጠበቅ ግድ ይላል። ሶላት ወቅት እንዳለው ሁሉ ለርሱም ወቅት አለው ብንል ልጆች ይገባቸዋል። ወደ ማርስ ለሚሄድ ደግሞ ወቅቱ በ26 ወር ገደማ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ነው።

ቀጥሎ አየሩ አለ። ምድር ላይ ፀጥ ያለ ቀን ሆኖ እያለ ከላይ ያለው ነፋስ ሮኬቱን ሊያጣምመው ይችላል። ደመና ውስጥ ያለ መብረቅም ያሰጋል። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ቧንቧዎች፣ መክፈቻዎችና መለኪያዎች አሉ። ከነዚህ አንዷ እንኳ እንግዳ ነገር ካሳየች ቆጠራው ይቆማል።

የሙስሊሙን ዓለም ምሳሌ እንኳ ብናነሳ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች «አል አመል» ማለትም ተስፋ የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ማርስ ለመላክ በሐምሌ ወር 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ ታኔጋሺማ ደሴት ላይ ተዘጋጅተው ነበር። በአየሩ መክፋት የተነሳ ሁለት ጊዜ ተላልፎ፣ በጃፓን ሰዓት ሐምሌ 20 ቀን ነው የተነሳችው። ስሟ ተስፋ ሆኖ ሳለ መጠበቅን መማር ነበረባት። ማርስ የደረሰችው በየካቲት 9 ቀን 2021 ነው። ከዚያው አገር የሆነው ሱልጣን አል ነያዲ ደግሞ በ2023 በየካቲት 27 ቀን ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ፍሎሪዳ ውስጥ ሮኬቱ ጫፍ ላይ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ለመነሳት ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ሲቀረው ቆጠራው ቆመ። የሞተሩን እሳት የሚያስነሳው ፈሳሽ በሚገባ መሙላቱ አልተረጋገጠም ነበር። በኋላ ሲመረመር ምድር ላይ ባለው መሣሪያ አንድ ማጣሪያ ተደፍኖ ተገኘ። ልብሳቸውን አውልቀው ወረዱ፣ መጋቢት 2 ቀን ተነሱ። ስድስት ወር ያህል በኅዋ ጣቢያ ቆይቶ፣ የዚያን ዓመት ረመዳንንም እዚያው አሳልፎ በሰላም ተመለሰ። ያን ዕለት ፍሎሪዳ ድረስ ተጉዞ የመጣ ተመልካች ማዘኑ አይቀርም። ግን የተደፈነችው ማጣሪያ ምን ልታመጣ ትችል እንደነበር ማን ያውቃል?

መጥፎውንም እንናገር። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ደጋግማ ከዘገየች በኋላ፣ ጥር 27 ቀን የበሯ እጀታ አስቸግሮ፣ እርሱ ሲስተካከል ደግሞ ነፋሱ ከፍቶ ሌላ ቀን ባከነ። ለማግስቱ ብርቱ ቁር ይጠበቅ ነበር። የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያፍነው ጎማ በብርድ እንደሚደርቅ የሚያውቁ መሐንዲሶች በዋዜማው ሌሊት «አትነሳ» ብለው ተከራከሩ፣ አልተሰሙም። ጥር 28 ቀን ተነስታ በ73ኛው ሰከንድ ፈነዳች። ሰባቱም ተሳፋሪዎች አለቁ። አንዷ ክሪስታ ማክኦሊፍ የተባለች መምህርት ነበረች፣ ተማሪዎቿም በቴሌቪዥን እያዩዋት ነበር። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ ባነሳን ቁጥር ቃላችን ይሰበራል። እንግዲህ መዘግየት ሁሉ ኪሳራ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱም በመጨረሻ ሰው የናቀው ረሕመት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ወደ ወጋችን እንመለስ። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ሰብስበን ይህንኑ አስረዳናቸው። ሦስቱ ወላጆች ስልክ ተደውሎላቸው ለመቆየት ፈቀዱ። የዳንግላው ሐጂ ግን «ቃላችን ረቡዕ ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልከረረም። «ውቂያው ሐሙስ ነው። ልጁን ላከው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ምን እናድርግ? በአንድ በኩል ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመ ልጅ አለ፤ በሌላ በኩል የአባት አማና አለ። ሌሊቱን ስናወጣ ስናወርድ ቆየን። «ሐጂ ቢቆጡም ኋላ ይረሱታል» የሚል ሐሳብም ሽው ብሎብን ነበር፣ አንዋሽም። ግን ለአንድ ልጅ ቃል ለመጠበቅ የአባቱን ቃል ማፍረስ ለልጁ የሚያስተምረው ምንድን ነው? ልጁ ራሱ ነገሩን ቀለል አደረገልን። ጋቢውን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና «ችግር የለውም ኡስታዝ፣ አባቴ ብቻውን አይወቃም» አለን። ረቡዕ ከሱብሒ በፊት አውቶቡስ ተራ ወስደን፣ ወደ ዳንግላ ከሚመለስ የምናውቀው ነጋዴ ጎን አስቀመጥነው። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ በመስኮት እጁን አወዛወዘልን። እኛ ግን ቀና ብለን ማየት ከበደን።

ከቀሪዎቹ ሦስቱ ጋር ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን አየን። ለአክስታችን ውኃ ቀዳንላቸው፣ ጎረቤት ታሞ ነበርና ጠየቅን። ሐሙስ ወደ እንጦጦ ስለመግባት ስናጣራ ያለ ግብዣ ወረቀት እንደማይቻል ተረዳን። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ አስቀድመን መጠየቅ ነበረብን፤ አልጠየቅንም።

አርብ ሱብሒን በጀመዓ ሰግደን ቴሌቪዥኑን ከፈትን። አክስታችን ቡናቸውን አቀረቡ። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ታይዩዋን ከሚባለው ጣቢያ «ሎንግ ማርች 4ቢ» የተባለው ሮኬት ተነሳ። ዋናው ጭነቱ የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ነበር፣ የእኛዋ ከሌሎች ጋር አብራ ተጭናለች። እሳት ታየ፣ ጭስ ታየ፣ እንጦጦ ላይ የተሰበሰቡት ባለ ሥልጣናትና ሳይንቲስቶች አጨበጨቡ። አክስታችን «አላሁ አክበር!» አሉ። ከልጆቹ አንዱ ግን ወደ እኛ ዞሮ «ኡስታዝ፣ ይኸው ነው?» አለን። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ሳቅን። ቀልዱ ግን በእኛው ላይ ነበር። ጁምዓን በታላቁ አንዋር መስጊድ ሰገድንና ቅዳሜ ተመለስን።

ዳንግላ እንደደረስን ቀጥታ ወደ ሐጂ ቤት ለይቅርታ ሄድን። አውድማው ላይ አገኘናቸው። ልጁ ጭድ ይሰበስባል። ሰላምታ ተለዋውጠን «ሐጂ፣ ልጁ ሳያይ ቀረ፣ ዐፉ ይበሉን» አልናቸው።

«አይቷል» አሉን። «አርብ ከሱብሒ ስንወጣ ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ። አብረን አየነው። ደስ ይላል።»

እኛ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ አምስት ቀን አባክነን በአክስታችን ቤት ቴሌቪዥን ያየነውን፣ እርሳቸው ከመስጊድ በር አርባ እርምጃ ተራምደው ከልጃቸው ጋር በሻይ አይተውታል! ከዚያ ግን እስከ ዛሬ ከልባችን ያልወጣ ነገር ተናገሩን።

«ኡስታዝ፣ በመዘግየቱ አልተቀየምኩም። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ዝናብም ይዘገያል። ግን ይህ ነገር ከመስከረም ጀምሮ ሲተላለፍ አንተ እያየህ አልነበረም ወይ? ‹ረቡዕ ወይም ቅዳሜ እንገባለን፣ አላህ ካለ› ብለኸኝ ቢሆን፣ ሰው ቀጥሬ አወቃ ነበር። ልጄም ጓደኞቹን ትቶ ባልተመለሰ። ‹እርግጥ ነው› አልከኝ፣ እኔም አመንኩህ።»

የምንመልሰው አልነበረንም። እውነት ነው፣ እናውቅ ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ ሆነን፣ ሮኬት እንደሚዘገይ በሰሌዳ ላይ እየጻፍን፣ ከመስከረም ወደ ታኅሣሥ ሲንሸራተት በዓይናችን እያየን፣ «እርግጥ ነው» አልን። ነገን አስመልክቶ «አደርገዋለሁ» ከማለታችን በፊት ኢንሻአላህ እንድንል ሱረቱል ካህፍ ውስጥ መታዘዛችንን በመድረሳ እናስተምራለን። ዛሬ ዛሬ ግን ኢንሻአላህን የምናስታውሳት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ለማመካኛ፣ ወይም ማድረግ ለማንፈልገው ነገር በጨዋ ደንብ እምቢ ለማለት ሆኗል። ቦታዋ ግን ከፊት ነበር። ከፊት ስትባል ሰሚው ይዘጋጃል፣ ሰው ይቀጥራል፣ ስንቅ ይጨምራል፣ ልጁን ያስረዳል። ከኋላ ስትባል ጥቅሟ ለተናጋሪው ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ የተማርነውን እነሆ። መቼም ከእናንተ መካከል ሮኬት ለማየት የሚጓዝ ጥቂት ቢሆንም፣ የፈተና ውጤት፣ የቪዛ፣ የሥራ ቅጥር፣ የሠርግ ቀን የማይጠብቅ ቤተሰብ የለም።

አንደኛ፣ መዘግየትን ከዕቅዱ ውጭ ሳይሆን በዕቅዱ ውስጥ አስቀምጡት። ሦስት ቀን ለሚፈጀው ጉዞ የስድስት ቀን ስንቅና ፈቃድ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደምትጠብቁና መቼ እንደምትመለሱ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ሰው ከተናደደ በኋላ የሚወስነው ውሳኔ አያምርም።

ሦስተኛ፣ ለጉዞው ሌላም ኒያ ይኑረው። ዘመድ መጠየቅ፣ የታመመ መጎብኘት፣ ዕውቀት መገብየት ካለበት፣ ዋናው ነገር ቢቀር እንኳ መንገዱ ባዶ አይሆንም። እኛ አክስታችንን ካየን አራት ዓመት ሆኖን ነበር።

አራተኛ፣ የመዘግየቱን ምክንያት ለልጆች አስረዱ። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ይታገሣል፣ ያላወቀ ተታለልኩ ይላል።

አምስተኛ፣ የሌላውን ውቂያ አስታውሱ። የእኛ ቀጠሮ ሲራዘም የማን ሥራ እንደሚስተጓጎል መጠየቅ ከአደብ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ቃል። ከአገራችን ሰው የበለጠ መጠበቅን ማን ያውቃል? በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች የሚተክሉትን የዲከረንስ ግራር አይታችሁ የለም? ችግኙን ተክለው ከሰል እስኪሆን አራት አምስት ዓመት ይጠብቃሉ። በመካከሉ ግን አጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፣ ይኮተኩታሉ፣ ያጥራሉ። ሰብር ማለት ይህ ነው። «አሁኑኑ ካልሆነ» ብሎ በደላላ ምላስ በረሃ ለበረሃ የሚሰደደው ወንድማችን ያጣው ጉልበት አይደለም፣ ይህችን ዕውቀት ነው።

ሁለተኛዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ከቻይና መጠቀች። ያን ጊዜ የትም አልሄድንም። ሐጂ ከዋዜማው ደውለው «ኡስታዝ፣ ነገ ሻይ ቤት እንገናኝ?» አሉን። «እንገናኛለን ሐጂ፣ ኢንሻአላህ። ከተላለፈም ሻዩን እንጠጣለን» አልናቸው። በስልክ ሲስቁ ተሰማን።

አላህ ቃላችንን ከሥራችን ያስማማልን፣ በመጠበቅ ውስጥ ያለውን ኸይር ያሳየን። እስከሚቀጥለው ወር በሰላም ቆዩን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።